አንገቱን ደፍቶ የመጣው እሾህ

አንድ ጊዜ፣ ደመና ከዛፍ ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ከፍተኛ ደጋ ላይ፣ እንስሳት ሣራቸውን በሕግ ይጠብቁ ነበር። ደጋው ሰፊ ቢሆንም ሣሩ ዓመቱን ሙሉ አይበቃም። ስለዚህ በመካከሉ ያለውን ለምለም ሜዳ ከሰኔ ጀምሮ ይዘጉታል። ክልክሉ ይሉታል። ክረምቱን ሙሉ ማንም አፉን አያስገባበትም። ጥር ሲደርስና ሌላው መሬት ሁሉ ሲደርቅ ክልክሉ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚገቡት የሚያጠቡ እናቶች ናቸው፤ ሌላው ከኋላቸው ይከተላል። በጋው የሚታለፈው በዚያ ሣር ነበር።

ክልክሉን የሚጠብቀው ጅብ ነበር። የተመረጠውም ሣር ስለማይበላ ነው። አንበሳ ሲሾመው «እግር ያለው ነገር ሁሉ እንዳይገባ» ብሎ አዘዘው። ጅብም ትእዛዙን እንዳይረሳው ቀኑን ሙሉ ይደግመዋል። «እግር ያለው አይገባም። እግር ያለው አይገባም።» የሚያልፈውን ሁሉ መጀመሪያ እግሩን ያያል። አንድ ቀን እባብ በፊቱ ሲመጣ ብዙ ካሰበ በኋላ አሳለፈው።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ማንም የማያውቀው ቅጠል በደጋው ላይ ከበቀለ አህያ ትጠራለች። የአህያ አፍ እሾህም መራራም ይችላል። እናቷ ቀማሽ ነበረች፤ አያቷም እንዲሁ። አህያ ከክልክሉ አፍ አጠገብ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትወጣና ቅጠሉን አኝካ ቃሏን ትሰጣለች። «ይበላል» ካለች ይበላል። «አይበጅም» ካለች በዚያው ቀን ተነቅሎ ይጣላል። ከዚያ ድንጋይ ላይ «አላውቀውም» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም ነበር። አህያም በዚህ ትኮራለች። የምታዝነው ከእሷ በኋላ ቀማሽ የሚሆን ልጅ ስላልነበራት ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ሰኔ ሲገባ፣ ክልክሉ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ ቀበሮ ወደ ጅብ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋልክ?»

«እግር አለሽ። አትገቢም።»

«መች ልግባ አልኩ? ሰላምታ ነው የሰጠሁህ።»

«ሰላምታው ይግባ። አንቺ ውጭ ሁኚ።»

ቀበሮ ጅራቷን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በክልክሉ ሣር ውስጥ ቆቆች እንቁላል እንደሚጥሉ ታውቃለች። የፈለገችው እንቁላሉን ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቆቅ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ታሳዝነኛለህ እኮ» አለችው። «እግርህ እስኪያብጥ ትቆማለህ። ሌሎች ጅቦች አገር ምድሩን ሲዞሩ አንተ የማትበላውን ሣር ትጠብቃለህ። ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ በሬ ወድቆ ነበር። ሰማህ?»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «አልሰማሁም። ማንም አልነገረኝም።»

«እንዴት ይንገሩህ? ሥራ ላይ ነህ።»

«አጥንቱስ?»

«ምን አጥንት አለ አሁን። ለሚያስብ ግን መላ አይጠፋም። በመንገዱ ላይ ከሩቅ አገር ድርቆሽ ጭኖ የሚሄድ መኪና ተገልብጦ ነበር። ከድርቆሹ መሃል አንድ የደረቀ እሾህ አገኘሁ። ዘሩ እንደ ጥጥ ነው፤ ንፋስ ይዞት ይሄዳል። ከበቀለ ራሱ አጥር ነው። ዳር ዳሩን ብዘራልህ አንተ ትተኛለህ፤ እሱ ይጠብቃል።»

ጅብ ጆሮውን አቆመ። «እግር አለው?»

«የለውም።»

«እግር ከሌለው ይገባል» አለ ጅብ፣ ትልቅ ፍርድ እንደሰጠ ሰው ራሱን እየነቀነቀ።

«ለመዝራት ግን እኔ መግባት አለብኝ።»

«አንቺ እግር አለሽ።»

«እኔ ስገባ ዓይንህን ጨፍን። ካላየኸኝ እግሬን አላየኸውም። በኋላም ለእሾሁ ክብካቤ ጠዋት ጠዋት ብቅ ስል እንዲሁ ትጨፍናለህ። የማገኘው አጥንት ሁሉ ያንተ ነው።»

ጅብ ስለ አጥንቱ አሰበ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሲጨፍን ደግሞ ድካሙ መጣበትና በዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ቀበሮ እንደ ጥጥ የነጣውን ዘር በሣሩ ዳር ዳር በተነችው። የተረፈውን ከጅራቷ ላይ አራገፈችው። ወዲያው ዝናብ ጣለ።

መስከረም ሲጠባ ሚዳቋ በክልክሉ ጠርዝ ስታልፍ አንድ ነገር አየች። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ መሬት ላይ ተነጥፏል። ዙሪያው እሾህ ነው። በእያንዳንዱ ቅጠል መሃል ነጣ ያለ መስመር ይሄዳል፤ የቅጠሉ ጠርዝም በኖራ እንደተነካ ሁሉ ነጭ ነው። ከሥሩ ያለው ሣር ፀሐይ አጥቶ ገርጥቷል። ሚዳቋ ፈራችና ለአንበሳ ነገረች። አንበሳ ሸንጎ ጠራ።

በሸንጎ ቀን ማንም ማንንም አይበላም። ሁሉም ተሰበሰቡ። ቅጠሉ ተቆርጦ መጣና ከአህያ ፊት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አህያ ወጣች።

አህያ ቅጠሉን አኘከች። መጀመሪያ ኮሸሽላ መሰላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በቋጥኙ ሥር የምታውቀው፣ ክብ አበባ ያለው እሾህ። ደጋግማ ስታኝከው ግን ሌላ ሆነባት። የኮሸሽላ ቅጠል ከበስተጀርባው ነጭ ሱፍ አለው፤ ይህ የለውም። የኮሸሽላ ምሬት ምላስ ላይ ቆይቶ ይጠፋል፤ ይህ ጉሮሮ ድረስ ወረደ። መሃሉ ላይ ያለውን ነጭ መስመርም ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም።

ቀና ስትል የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። አንበሳ ይጠብቃል። ቀበሮ ከዳር ቆማ ፈገግ ብላለች።

«እመት አህያ እንኳን ያላወቀችው ከሆነ እኮ ጉድ ነው» አለች ቀበሮ፣ ለአጠገቧ እንደምትናገር ሆና፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት። «እናቷ አንዴ አሽትታ ነበር የምትናገረው።»

አህያ ጆሮዋ ጋለ። ቅጠሉን ዋጠችው።

«ኮሸሽላ ነው» አለች። «የኛው ነው። ጉዳት የለውም።»

እፎይ አሉ ሁሉም። በዚያን ጊዜ ከድንጋዩ ሥር አፈሩ ተነሣና የፍልፈል ራስ ብቅ አለ። ፍልፈል ሸንጎ ወጥታ አታውቅም ነበር። ፊቷ ሁሉ አፈር ነው። አፏን ከፈተች።

ጅብ አያትና በሣቅ ወደቀ። «አፈሩ ሊናገር ነው» አለ። ሌሎችም ሣቁ። የፍልፈል አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ተዘጋ። አንበሳ ሊሄድ ተነሣ። አንበሳ ከተነሣ ሸንጎው አለቀ ማለት ነው። ፍልፈል ወደ ጉድጓዷ ተመለሰች።

አህያ ግን አይታታለች።

በማግስቱ ጠዋት አህያ ብቻዋን ስትግጥ ከእግሯ አጠገብ አፈር ተቆለለ።

«እትዬ አህያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ፍልፈል። «ትናንት አንድ ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር።»

«አይቼሻለሁ። ለምን አልተናገርሽም?»

«ሲስቁብኝ ጠፋኝ።»

«በይ አሁን ተናገሪ። እዚህ የሚስቅ የለም።»

ፍልፈል ዙሪያዋን አየች። «እኔ ኮሸሽላን ከላይ አላውቀውም። የማውቀው ከታች ነው። የኛ ኮሸሽላ ሥሩ ሲቆረጥ ደስ የሚል ሽታ አለው፤ አፍንጫዬን ያውደዋል። ይኼኛው ምንም አይሸትም። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። አንገቱ አካባቢ ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። በዚህ ሁሉ ዝናብ ዙሪያው ያለው አፈር ደርቋል፤ ብቻውን ነው የሚጠጣው።»

አህያ ማኘኳን አቆመች። «ስንት ናቸው?»

«አርባ ሦስት። ሁሉንም ቆጥሬአቸዋለሁ። ገና ትንሽ ናቸው። ከሥር ሆኜ አንገታቸውን ብቆርጠው በአራት ቀን ያልቃሉ። ግን የክልክሉን ተክል ያለ ሸንጎ ፈቃድ መቁረጥ ሕግ መጣስ ነው። ሸንጎው የኛው ነው ብሏል። እርስዎ ቃልዎን ቢያነሱልኝ በቂ ነው።»

አህያ ወደ ክልክሉ ተመለከተች። ሣሩ በንፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። የእናቷ ፊት ትዝ አላት። የቀበሮ ፈገግታም ትዝ አላት።

«ቃሌ ወጥቷል» አለች። «ትናንት ነው ብዬ ዛሬ አይደለም ብል፣ ነገ የምናገረውን ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንዎታለሁ።»

«አንቺ ብቻሽን ሸንጎ አይደለሽም፣ ፍልፈልዬ።»

ፍልፈልም «እሺ እትዬ» ብላ ወደ ታች ወረደች። አህያም ቀኑን ሙሉ ጋጠች፤ ምን እንደጋጠች ግን አታውቅም።

በዚያ ዓመት ጥር ክልክሉ ሲከፈት ብዙ የጎደለ አልመሰለም። እንስሳቱ ሣሩን በሉ፤ እሾሁን ዘለሉት። ሣሩ በተጋጠ ቁጥር እሾሁ ቦታ ሰፋለት፤ ይህን ግን ልብ ያለው አልነበረም። በሁለተኛው ክረምት ከሰፌዱ መሃል አገዳ ወጣ። አገዳው ራሱ ከላይ እስከ ታች በእሾህ ተከቧል። ጫፉ ላይ ትልቅ ሐምራዊ አበባ ፈነዳ፤ አበባውም እንደከበደው ሁሉ አንገቱን ወደ መሬት ደፋ። ከአበባው ሥር እንደ አንገትጌ የተደረደረ እሾህ ነበር፤ ግን ከሩቅ ለሚያየው አይታይም።

«ትሑት ነገር ነው» አለች አንዲት ጦጣ። «እዩት፣ አንገቱን ደፍቶ።»

ኅዳር ላይ አበባው ወደ ጥጥ ተለወጠና ንፋስ ወሰደው። በሦስተኛው ዓመት እሾሁ ከጠርዙ ወደ መሃል ገባ፤ እንስሳቱ ግን የቀረውን ሣር ግጠው በጋውን አለፉ። ጅብ ደስ ብሎት ተኛ፤ የሚያስነሣው አልነበረም። ቀበሮ እንቁላል ጠገበች፤ ለጅብ ግን ቃል የገባችለትን አጥንት አንድም ቀን አላመጣችለትም። በጠየቃት ቁጥር «ነገ» ትለዋለች። ጅብም ነገ ሲመጣ ነገ መሆኑን ረስቶ ይጠብቃል።

በአራተኛው ዓመት ቆቆቹ ሄዱ። ጎጆ የሚሠሩበት ሣር ስላልነበረ ሄዱ። ከእሾሁ ሥር ያለው መሬት ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ፣ ፀሐይ ሲመጣ ስንጥቅ። ጥንቸሎችም አንድ በአንድ ወጡ። ቀበሮ አንድ ጠዋት መጥታ አሸተተች፤ ምንም አልነበረም።

«አጥንቴስ?» አላት ጅብ።

«ማዶ ሄጄ ላምጣልህ» አለችውና በሸንተረሩ ላይ ጠፋች። በጅራቷ ጠጉር ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ተጣብቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ በደጋው ላይ አልታየችም።

ጅብ በጥቅምት ከእንቅልፉ ነቅቶ ዙሪያውን ሲያይ ደነገጠ። ወደ ሜዳው ሊገባ ሲል መዳፉ በእሾህ ተሞላ። ጥር ሲመጣ አንበሳ ምን እንደሚለው አሰበ። በአበባ ላይ ያሉትን አገዳዎች እየቆረጠ መከመር ጀመረ። አፉ ደማ፤ ቢሆንም ቆረጠ። በዚያን ጊዜ ከአፈር ውስጥ ትንሽ ድምፅ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ አበባው ተቆርጦም ዘሩ ይበስላል። መቆረጥ ያለበት ከሥሩ አንገት ነው።»

«የሞተ ነገር ይበስላል?» አለ ጅብ። «አንቺ አፈር ውስጥ ስለኖርሽ የሞተና ያልሞተ ተምታቶብሻል። ዞር በይ፣ ሥራ አለኝ።»

ሦስት ቀን ቆርጦ ታላቅ ክምር ከመረ። በአሥረኛው ቀን ክምሩ ነጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ንፋስ መጣና ክምሩ ሁሉ ተነሥቶ በክልክሉ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። ጅብ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ወዲያ ሣቅ አልወጣውም።

አህያ በዚያ ዓመት አርግዛ ነበር። ስንት ዘመን ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። ጥር ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሴት ውርንጭላ ወለደች። እግሯ ረጅም፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ። ደጋው ሁሉ ደርቆ ነበርና አህያ ጡቷ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። «ትንሽ ነው የቀረን» ትላታለች ልጇን። «ክልክሉ ሲከፈት መጀመሪያ የምንገባው እኛ ነን።»

ጥር አንድ ቀን ሁሉም በክልክሉ አፍ ላይ ተሰለፉ። አህያ ከነልጇ ከፊት ነበረች። አንበሳ «ክፈት» አለው ጅብን። ጅብ ዞር አለ።

ሜዳው አልነበረም። በቦታው የደረቀ እሾህ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ፣ ከአህያ ሆድ በላይ ቆሟል። ሚዳቋ አላመነችም፤ ዘላ ገባች። ስትመለስ አፍንጫዋ ደምቶ ነበር። በአፏ የያዘችው አንድ ጭብጥ ገለባ ብቻ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

«እግር የለውም ጌታዬ» አለ ጅብ። «አይቻለሁ። በደንብ አይቻለሁ። እግር የለውም።»

ማንም አልሣቀም። አንበሳ ወደ አህያ ዞረ።

«ኮሸሽላ ነው ብለሽን ነበር። የኛው ነው ብለሽን ነበር።»

አህያ ልጇን ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ትታ ላዩ ላይ ወጣች። «ጌታዬ» አለች፣ «ምን እንደሆነ አላውቀውም። ያን ቀንም አላውቀውም ነበር። አፌ ውስጥ እያለ እንደማላውቀው አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አፈርኩ። ሁላችሁም ታዩኝ ነበር። የሚያውቅ ግን ነበር። በማግስቱ መጥታ ነግራኛለች። አርባ ሦስት ነበሩ። በአራት ቀን ያልቁ ነበር። ቃልሽን አንሺ አለችኝ፤ አላነሣሁም።»

«ማን ናት?»

«ፍልፈል ናት።»

እንስሳቱ ሁሉ ወደ መሬት አዩ። ቆይቶ አፈሩ ተነሣና ፍልፈል ብቅ አለች። አንድ ነገር ተናገረች፤ ግን ማንም አልሰማትም።

«ጮክ በይ» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ» አለች አህያ፣ «እርስዎ ዝቅ ይበሉ።»

አንበሳ አህያን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ ተኛና ጆሮውን ከአፈሩ ጋር አደረገ።

«የሚታወቀው በሰፌዱ ነው» አለች ፍልፈል። «መሬት ላይ የተነጠፈ፣ መሃሉ ነጭ መስመር ያለው። ያን ጊዜ ነው መቆረጥ ያለበት፤ አበባ ሳያወጣ፣ ከሥሩ አንገት ዝቅ ብሎ። አበባ ካወጣ በኋላ የተቆረጠው ተቆርጦም ይዘራል። አሁን የወደቀው ዘር ደግሞ መሬት ውስጥ ይተኛል። አፈር ውስጥ እንደማየው የእሾህ ዘር አንዳንዱ አሥር ክረምት ተኝቶ ይነሣል።»

«አሥር?»

«ከዚያም የሚበልጥ አለ። እኔ አልደርስበት ይሆናል፤ የልጄ ልጅ ትደርስበት ይሆናል። ከፈቀዱልኝ ግን ዛሬ እጀምራለሁ።»

«ፈቅጃለሁ» አለ አንበሳ። ቀስ ብሎ ተነሣ። «ሌሎቻችሁ ግን በዚህ በጋ እዚህ የምትበሉት የለም። በየምታውቁት መንገድ ሂዱ። ስትወጡ ጠጉራችሁን አራግፉ፤ ይህን ይዛችሁ ሌላ አገር እንዳትገቡ።»

ሚዳቋዎች ሸንተረሩን ተሻገሩ። ጦጣዎች ወደ ገደሉ ወረዱ። ጅብ ሹመቱን ተወ፤ አንበሳ ሳያባርረው ራሱ ሄደ። አህያ ግን መሄድ አልቻለችም፤ ውርንጭላዋ ሸንተረሩን ለመውጣት ገና አልጠናችም። ሦስት ቀን ደረቅ ቅርፊት በላች። በሦስተኛው ቀን ልጇ የወተት ጠብታ እስክታገኝ የእናቷን ጡት ደጋግማ በራሷ ገፋች።

ያን ቀን አህያ ወደ ፍልፈል ጉድጓድ ሄደች።

«ልሄድ ነው» አለች። «ወደ ታች፣ ወደ ሰዎቹ። አውድማቸው ላይ ጭድ አለ ይባላል።»

«ሰዎች በነጻ አይሰጡም ይላሉ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

ፍልፈል የእጆቿን አፈር አራገፈች። «ያን ጊዜ ደጋግሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሬ ተውኩት። ድምፄ ትንሽ ነው።»

«ድምፅሽ ትንሽ አልነበረም» አለች አህያ። «ሰምቼሽ ነበር።»

አህያ ልጇን ከፊት አድርጋ ቁልቁለቱን ጀመረች። ፍልፈል ወደ ታች ተመለሰች። የመጀመሪያውን ሥር አገኘችና አንገቱን ቆረጠችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

በደጋው ግርጌ ደምለው የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ገብስ እያበራየ ነበር። ሁለቱም ቀና ሲሉ አህያና ውርንጭላ ከአውድማው ዳር ቆመዋል።

«የማን አህያ ናት?» አለ ደምለው።

«የማንም አትመስልም። ጎኗን እየው፣ አጥንቷ ይቆጠራል» አለች አንጓች። «የምታጠባ ናት። ጭድ ስጣት።»

«ነገ ገበያ ነው። ጀርባዬ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሸክም አልችል ብሏል።»

«መጀመሪያ ጭድ ስጣት አልኩህ። ሌላውን በኋላ ታየዋለህ።»

ደምለው በሁለት እጁ ጭድ አቅፎ ከፊቷ አኖረ። አህያ በላች። ጭዱ ደረቅና አቧራማ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ክልክሉ ሣር በላችው። ውርንጭላዋ ከሆዷ ሥር ገብታ መጥባት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ የውርንጭላዋ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ወተት እየወረደ ነበር።

በዓይኗ ጠርዝ ገበሬው ግማሽ የተሞላ ጆንያ ሲያነሣ አየችው። ወደ እሷ እየመጣ ነው። መንገዱ ክፍት ነበር፤ መሸሽ ትችል ነበር። አልሸሸችም። እግሮቿን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ ልጇ እንዳትረበሽ ቀጥ ብላ ቆመች። ጆንያው ጀርባዋ ላይ አረፈ። አህያ አፏን ከጭዱ አላነሣችም።

ከዚህ የምንማረው፣ የማናውቀውን «አላውቀውም» ማለት ለአንድ ቀን ቢያሳፍርም፣ ለማፈር ፈርተን የደበቅነው ስህተት ግን ሥር ሰድዶ የራሳችንን ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንንም መሬት እንደሚወርስ ነው።